ሁለት የማጣሪያ ወረቀቶች

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ባዶ ብርጭቆ፣ ሁለት ክብ የማጣሪያ ወረቀትና አንድ አጉሊ መነጽር አለ። ወረቀቶቹ ደርቀዋል፤ ሁለቱም በሻይ ቀለም ቡናማ ሆነዋል። በግራ ያለው ላይ ከቀለሙ በቀር ምንም የለም። በቀኝ ያለው ግን መሃሉ ላይ ነጭ ዱቄት ይዟል፤ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ቦታ ሸፍኗል።

"ተቀመጪ፣ እማ" ትላለች ልጄ። እሷ ቆማለች። ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

"ሥራ ይረፍድብኛል።"

"ይርፈድ። ተቀመጪ አልኩሽ።"

እቀመጣለሁ። ወረቀቶቹን አውቃቸዋለሁ፤ ከራሴ መሳቢያ የወጡ ናቸው። የውሃ ጥራት ላቦራቶሪ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ልጅ ሳለች፣ ትምህርት በሌለባት ቀን ይዣት እሄድ ነበር። የረጠበ ወረቀት ሳይቀደድ እንዴት እንደሚነሳ ያሳየኋት እኔ ነኝ።

"ሻዩ ከአንድ ማንቆርቆሪያ ነው" ትላለች። "የግራውን የቀዳሁት እኔ ነኝ፣ የቀኙን አንቺ። ስኳር የለውም። ሦስት ቀን፣ አንቺ ስትወጪ እየጠበቅኩ አጣራሁት። ሦስቱንም ቀን ያው ነው።"

ሦስት ቀን። ከተናገረችው ሁሉ ጆሮዬ የያዘው ይህን ነው። ሦስት ቀን አልጠጣችም ማለት ነው።

የበኩር ልጄ፣ ታላቅ ወንድሟ፣ የበሩን መቃን ተደግፎ ቆሟል። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ወደ ሥራ ሲሄድ በየጠዋቱ ጎራ ይልብናል።

"ዛሬ ደግሞ መርማሪ ሆንሽልን?" ይላል። "ባለፈው ሳምንት ጎረቤቱ ነበር፤ ከዚያ በፊት የመብራት ቆጣሪው። አሁን የእናትሽ ተራ ደረሰ?"

"አንተን ማን አናገረህ? ሂድና ሽቦህን ጠምጥም።"

"አፍሽን ዝጊ! ይቺን ሴትዮ ያለ ዕድሜዋ ያስረጀሻት አንቺ ነሽ።"

"እሷ ትመልስ። እማ፣ ይሄ ምንድነው?"

ወንድሟ ወደኔ ጎንበስ ይላል። "በሽታሽ ነው በያት" ይለኛል ዝቅ ባለ ድምፅ። "አንድ ቃል ነው። ያልቃል።"

እውነቱን ነው፤ ያልቃል። ሐኪሙ ስኪዞፍሬኒያ ብሎ ከጻፈላት አራት ዓመት ሆኗታል። በእነዚህ አራት ዓመታት የሌለ ሰው ስታይ ዞራ የምታየው የኔን ፊት ነው። "የለም" ካልኳት የለም፤ "አለ" ካልኳት አለ። መለኪያዋ እኔ ነኝ። አሁንም "ምንም የለም" ብላት ዓይኗ እያየው ወረቀቱን ትታ እኔን ታምናለች።

"መድኃኒትሽ ነው" እላለሁ።

"ኤጭ!" ይላል ወንድሟ። መቃኑን በቡጢ ይመታዋል።

"ስንት?"

"አንድ ፍሬ። በየጠዋቱ፣ ፈጭቼ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"አርባ አንድ ቀን። ምላስሽ ሥር ደብቀሽ የአበባ ማሰሮው አፈር ውስጥ እንደምትተፊው ካየሁ ጀምሮ። ሦስቱን አልጠጣሽም፤ ሠላሳ ስምንት።"

"ሐኪሙ ያውቃል?"

"አያውቅም።"

ብርጭቆውን ታነሳዋለች። ትከሻዬን እሰበስባለሁ፤ ወንድሟ ሁለት እርምጃ ገብቶ መሃላችን ይቆማል። አልወረወረችውም። መልሳ ስታስቀምጠው ድምፅ እንኳ አልተሰማም።

"ባለፈው ወር ሰውዬው ዝም ብሎ ነበር" ትላለች። ሰውዬው የምትለው የምትሰማውን ድምፅ ነው። "ሁለት ሳምንት ሙሉ አንዴ አልሰደበኝም። አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ምን እንዳልኩ ታውቂያለሽ? አሸነፍኩት አልኩ። ብቻዬን፣ ያለማንም።"

"ልጄ..."

"ልጄ አትበይኝ! እሱ ሌት ተቀን ሲነዘንዘኝ ምን እንደሚለኝ ነግሬሽ የለም? እናትሽ የሆነ ነገር ትጨምርብሻለች ነው የሚለኝ። አንቺ ደግሞ ሐሰት ነው፣ አትስሚው ትይኝ ነበር። ይኸው፣ ከሁለታችሁ እውነቱን የነገረኝ እሱ ሆኖ ተገኘ።"

ወንድሟ ሙግቱን ትቶ ከመሃላችን ዞር ይላል።

እጇን ትዘረጋለች። "መድኃኒቱን አምጪው።"

ከቦርሳዬ አውጥቼ እሰጣታለሁ። እሽጉን ገልብጣ፣ የተጻፈውን ከላይ እስከ ታች ታነበዋለች። አትቸኩልም።

"መዋጡም አለመዋጡም ከዛሬ ጀምሮ የኔ ጉዳይ ነው" ትላለች። "ከቆጠርሽብኝ ወይ አፍሽን ክፈቺ ካልሽኝ፣ ያን ቀን ከዚህ ቤት እወጣለሁ።"

"ወዴት ልትሄጂ?" ይላል ወንድሟ። "ማን ሊያስጠጋሽ?"

"ሻይ የማይቀዳልኝ ቦታ።"

ክፍሏ ገብታ በሩን ከውስጥ ቆለፈችው።

ክኒኑን አልቆጠርኩም። ትዋጠው፣ ትድፋው አላውቅም። ሌላውን መቁጠር ግን አልተውኩም። ለስልሳ ሁለት ቀን እጄ ከነካው ምግብ አንድ ጉርሻ አልቀመሰችም። በስልሳ ሦስተኛው ቀን ጠዋት ከሳህኔ ላይ አንድ የተቀቀለ እንቁላል አነሳች። መስኮቱ ጋ ወስዳ ቅርፊቱን ብርሃን ላይ ዙሪያውን መረመረችው፤ ስንጥቅ አልነበረውም። ልጣ ግማሹን በላች።