የሰሊጥ ዘይት የሚሸት ባል

አስካል ባሏ ሊሞት መሆኑን ያወቀችው በአፍንጫዋ ነው። የአስካል አፍንጫ ደግሞ እንዲህ በቀላሉ የሚታይ አይደለም፤ ዊትኒ ሰፈር ካለው ቤቷ ቁጭ ብላ፣ የላስ ቬጋስ ካዚኖዎች ካሉበት ከስትሪፕ፣ የትኛው ወጥ ቤት ሽንኩርት እንዳሳረረ ትናገራለች። ያላመነ ሄዶ ይጠይቃት።

ባሏ ታዬ ታክሲ ነጂ ነው። ማክሰኞና ቅዳሜ ከሺፍቱ ሲመለስ እጁ የሰሊጥ ዘይት ይሸታል። ሸሚዙ አይሸት፣ አንገቱ አይሸት፤ እጁ። የውሃ ብርጭቆ ሲያነሳ ሙልጭ ብሎ ያመልጠዋል። እራቱን ሳይጨርስ ሶፋው ላይ ድፍት ይላል፤ ማንኮራፋቱ የጎረቤት መኪና አላርም ያስጮኻል።

"የት ቆይተህ ነው?"

"ህንዱ ጋ።"

ህንዱን ታውቀዋለች። ዊንቸስተር ሰፈር ውስጥ በአዩርቬዳ፣ በአገሩ ከጥንት የቆየ የቅጠልና የዘይት ሕክምና፣ ሰው የሚያክም ሐኪም ነው። ታዬ አንድ ቀን በታክሲው ይዞት ሲያልፍ አስተዋውቋት ነበር። አስካል በመስኮቱ እጇን ብትዘረጋለት፣ ሰውየው ሁለት እጁን ጭኑ ላይ እንዳስቀመጠ አንገቱን ብቻ ነቀነቀላት። እንዲህ ያለ ኩራት ንጉሥም የለው! ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሙ ሲነሳ ምራቋ ይመርራታል።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ታዬ መታጠቢያ ቤት ገብቶ በሩን ቆለፈና ነርስ ለሆነችው ለእህቱ ልጅ ለሊድያ ደወለ። አስካል ጆሮዋን በሩ ላይ እንደ ቴምብር ለጠፈች። ስልኩ ስፒከር ላይ ነው።

"ሞተር ኒውሮን የሚሉት በሽታ ነው፣ አንክል። ጡንቻን የሚያዝዘው ነርቭ ይሞታል። እጅ ይደክማል፣ ከዚያ እግር፣ ከዚያ ንግግር። መጨረሻ ላይ ትንፋሽ።"

"መድኃኒትስ?"

"ትንሽ የሚያዘገይ አለ። የሚያድን ግን የለም።"

"በዘይት ማሸትስ?"

"ሜይቢ ሰውነት ያፍታታል። በሽታውን አያቆመውም።"

የታዬ ድምፅ ተሰበረ። "እጁ የከዳው ሰው ምን ይሆናል፣ ሊድያ?"

አስካል የዚያን ቀን ያነባችው እንባ በድርቅ የጎደለውን ሐይቅ ሞልቶ ለጎረቤት ግዛት ለአሪዞናም በተረፈ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ፊቱ ቆመች።

"ታዬ፣ ጤናህ ነው?"

"እኔ? በሬ!"

"ህንዱን ተወውና አብረን ሆስፒታል እንሂድ።"

"አልተወውም።" ፊቱን አዞረ። "ሲያልቅ እነግርሻለሁ።"

"ምኑ ሲያልቅ?"

ታዬ ግን እሷ ስትታገለው የከረመችውን የበርበሬ ጠርሙስ ክዳን በሁለት ጣቱ ጠምዝዞ ከፈተላትና ወጣ። አስካል ይብስ ደነገጠች። ኩራዝም ሊጠፋ ሲል ቦግ ይላል።

ቅዳሜ፣ የላስ ቬጋስ ፀሐይ እንቁላሉን ትታ ዶሮዋን በምትጠብስበት ሰዓት፣ አስካል የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዋን ደመቀችን ጭና ወደ ዊንቸስተር ከነፈች።

"ቀስ በይ እንጂ! ባልሽን ሳናድን እኛ ጌታ ጋ ልንደርስ ነው" አለች ደመቀች ቀበቶዋን ጨምድዳ።

"ባሌን ዘይት እየቀባ ወደ መቃብር እያንሸራተተው ነው! ዛሬ ያንን ጠርሙስ ሁሉ ካልሰበርኩ አስካል አትበይኝ።"

"ህንድ ግን አይዋሽም። ሒሳብ ያስተማረኝ ህንድ ነበር።"

"አንቺ ደግሞ ሒሳብ መቼ አለፍሽና!"

"እኮ! የሚገባኝን ነው የሰጠኝ።"

አስካል አልሳቀችም። ሲደርሱ የታዬ ታክሲ ሐኪሙ በር ላይ ፓርክ ተደርጓል። ባዶ ነው።

የእንግዳ መቀበያው ውስጥ ሰው የለም። ከወለል እስከ ጣሪያ ጠርሙስ ተደርድሯል፤ ሽታው ያው ነው፣ ሰሊጥ። ከውስጠኛው ክፍል ማቃሰት ተሰማ። የወንድ ድምፅ ነው፤ ዝግ ያለ፣ ጉሮሮ ውስጥ የተያዘ።

"በኢየሱስ ስም!" አለች ደመቀች።

ማቃሰቱ ተደገመ። አስካል ከመደርደሪያው ትልቁን ጠርሙስ አንገቱን አንቃ አነሳች። ባሏን በዓይነ ሕሊናዋ አየችው፤ አልጋ ላይ ተዘርግቶ፣ ያ ኩራተኛ ከላዩ ቆሞ።

"አስኩ፣ ፖሊስ እንጥራ።"

"ፖሊስ እስኪመጣ ባሌ ያልቃል!"

በሩን በትከሻዋ ገፍታ ገባች።

አልጋው ላይ የተዘረጋው ህንዱ ነበር፤ አንድ ጣቱን እንኳ ማንሳት ተስኖት በተሳሰረ አንደበት "ወደ ላይ... ወደ ልብ..." እያለ ያዝዛል፣ ታዬም እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰብስቦ ያሸዋል።