አንድ በእጄ

«ሰባትና ስምንት?» አለች አክስትየው፣ ዓይኗን ከስፌት መኪናው መርፌ ሳታነሣ።

«አሥራ አምስት!»

«አምስቷን ታች ጻፊያት። አንዷስ?»

«እሽኮኮ!» ልጅቱ ጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ በሆዷ እንደተኛች ጮኸች። ከአርባ ሰባቱ አራት ራስ ላይ ደቃቅ አንድ ቁጥር አስቀመጠች። «አራትና ሦስት ሰባት፣ ከነእሽኮኮዋ ስምንት። ሰማንያ አምስት!»

እናትየው ልጇን ልትወስድ ከሥራ በቀጥታ መጥታ፣ ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች የሱቁ በር ላይ ቆማ ነበር። ስንት ምሽት የታገለችበት መደመር ነው። እቤት ሲሆን ልጅቱ አሥርን ባለፈች ቁጥር ትደነብራለች፤ የተረፈችውን አንድ ትረሳታለች፤ ከዚያ በኋላ ያለው እንባ ነው። እዚህ ግን በክርና በጨርቅ ቁርጥራጭ መሀል እግሯን እያወዛወዘች ትስቃለች። ፈተናው ነገ ነው። እናትየው ደስ ሊላት ይገባ ነበር።

«እሽኮኮ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች።

«ሙሽሪት! መጣሽ እንዴ?» የባሏ እህት መኪናውን አቆመች። ሙሽሪት የምትላት ከሠርጉ ዕለት ጀምሮ ነው፤ ባልየው ካረፈ በኋላም ስሙን አልለወጠችላትም። «ግቢ እንጂ፣ ምን እንደ እንግዳ በር ላይ ያቆምሻል? ልጅሽ ዛሬ አንድም አልሳተች።»

«አንድ በእጄ ነው የሚባለው። ትምህርት ቤትም የሚሏቸው እንደዚያ ነው።»

«በእጇማ ስትይዛት ትጥላታለቻ! የዚች እጅ ምን ይዞ ያውቃል? ትናንት እንኳ ጃንጥላዬን የትም ጥላው መጣች። ትከሻ ላይ የወጣችን ግን ማን ይረሳል? ትከብዳለቻ!»

ልጅቱ ከት ብላ ሳቀች።

«ደግሞ አንቺ ስታስጠኚ እንኳን እሷ ቁጥሩም ይደነግጣል አሉ» አለች አክስትየው። «ማታ ማታ ለቅሶ ነው አሉ።»

«ማነው ያለሽ?»

አክስትየው በመቀሷ ጫፍ ወደ ጠረጴዛው አመለከተች። ልጅቱ ደብተሯ ላይ አቀረቀረች።

እናትየው ነገሩን ዋጥ አደረገችው። «እሺ፣ ይሁን። ይሄንን እሽኮኮ ከየት አመጣሽው?»

«ከየት ላመጣው? የወንድሜ ነዋ።» የአክስትየው ድምፅ ዝቅ አለ። «ሁለተኛ ክፍል ሆኜ መደመር አልገባ ብሎኝ ሳለቅስ፣ ብድግ አድርጎ አንገቱ ላይ ሰቀለኝና ቤቱን ዞረ። ‹አንቺ አንዷ ነሽ፣ እኔ አራት ነኝ፣ ስንት ሆንን?› ይለኛል። አምስት ስል ጣሪያውን ያስነካኛል። አልነገረሽም እንዴ?»

«ነግሮኛል» አለች እናትየው።

አልነገራትም። ግራ ጫማውን አስቀድሞ እንደሚያጠልቅ ታውቃለች። ሲዋሽ ጆሮውን እንደሚያክ ታውቃለች። ከሱ የተረፈው ሁሉ እሷ ዘንድ የተቀመጠ ይመስላት ነበር፤ ማንም እንዳይነካባት አድርጋ የያዘችው። ለካ እህቱ ዘንድ የቀረ ነበር፤ ያውም የሚያስቅ፣ ያውም ለልጁ የሚበጅ። ሆዷ ውስጥ አንድ ነገር እንደ እርጥብ እንጨት ይጨስ ጀመር። በእህት ይቀናል እንዴ? ያውም በሞተ ሰው ምክንያት? እያለች ራሷን ብትገሥጽም ጭሱ አልጠፋ አለ።

በዚህ መሀል ቀሚስ የምታሳጥር ደንበኛ ገባች። አክስትየው ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ወደ መስተዋቱ ሄደች። እናትየው ወንበር ስባ ከልጇ አጠገብ ተቀመጠችና ሃምሳ ስድስትን ከላይ፣ ሃያ ሰባትን ከታች ጻፈችላት።

«እስቲ ይቺን ደምሪልኝ።»

«በእሽኮኮ?»

«በእጅሽ። እንደ ቤታችን።»

የልጅቱ እግር መወዛወዙን ተወ። ወደ መስተዋቱ አየች፤ አክስቷ መርፌ በከንፈሯ ይዛ ከደንበኛዋ እግር ሥር ተንበርክካለች። ከዚያ ወደ እናቷ አየች። ከጠረጴዛው ወረደችና ቀጥ ብላ ቆመች፣ ክፍል ውስጥ ስሟ እንደተጠራ ሁሉ።

«ስድስትና ሰባት አሥራ ሦስት» አለች ቀስ ብላ። ሦስቷን ጻፈች። «አንድ በእጄ።» ግራ እጇን ጨበጠች። «አምስትና ሁለት ሰባት…»

ከንፈሯ ድምፅ ሳያወጣ ስምንት አለ። እናትየው አይታዋለች። ስምንት ነው ያለችው፤ አልተሳሳተችም።

ልጅቱ ቀና አለችና የእናቷን ፊት አጠናችው፤ ከደብተሩ ይልቅ ከባዱ ጥያቄ እዚያ የተጻፈ ይመስል። ከዚያ ጎንበስ ብላ ሰባት ጻፈች። ሰባ ሦስት።

«ጣልኳት መሰለኝ፣ እማዬ።» አክስቷ እንዳትሰማ በሹክሹክታ ነው። «አክስቴ እኮ ጥሩ አድርጋ አታስረዳም። ማታ አንቺ ታሳይኛለሽ፣ አይደል?»

እናትየው ፊቷን ልትሰበስብ ሞከረች። አልደረሰችበትም፤ ፈገግታዋ ቀድሟት ወጥቶ ነበር። ልጅቱ አየችውና እፎይ ብላ እርሳሷን አስቀመጠች። ግራ እጇ ግን ጠረጴዛው ላይ፣ አውራ ጣቷን ወደ ውስጥ አጥፋ፣ ጥብቅ አድርጋ እንደጨበጠችው ነበር።