እንቅልፍ እምቢ ያለው የነዒማ ኮምፒውተር

ሙከሚል ኮምፒውተር ፊት ሲቀመጥ አንበሳ ነው፤ ነዒማ ፊት ሲቆም ግን ምላሱ ይተሳሰራል። ወልቂጤ ላይ ጥገና ቤት ከፍቶ ስሙ ቡታጅራ ድረስ ተሰምቷል። የልቡን ለነዒማ መናገር ግን እንዳቃተው ዓመት ሊሞላው ነው። በዚህ ላይ አንድ የመርካቶ ነጋዴ ሽማግሌ ሊልክባት ነው የሚል ወሬ ሰምቶ፣ እህል አልወርድለት ብሏል።

ነዒማ ቡታጅራ ውስጥ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አላት። በሱቁ ግማሽ አባቷ ሀጂ ሸረፋ በርበሬ ይሸጣሉ። ሀጂ ፊታቸው የማይፈታ፣ ከሰላምታ ይልቅ ሳል የሚቀናቸው ሰው ናቸው። ሙከሚል ጅብን ከሚፈራው በላይ እሳቸውን ይፈራል።

አንድ ቀን ነዒማ ደወለች።

«ሙከሚል፣ ይሄ ኮምፒውተር አልተኛም አለኝ!»

ዘመኑ መብራት ብቅ ብሎ የሚጠፋበት ነው። ነዒማ ለቀትሩ የዙሁር ሶላት ወደ ቤት ስትሄድ ኮምፒውተሩን አስተኝታ፣ ሱቁን ለአባቷ ትታ ትወጣለች። ስትመለስ ዓይኑን አፍጥጦ ይጠብቃታል። መብራት የሄደ ለት ደግሞ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን የሚያቆየው የዩፒኤሱ ባትሪ ያልቅና ጅራቷን እንደተረገጠች ድመት ይጮኻል። ሰፈርተኛው «ጂን ገብቶበታል» ማለት ጀምሯል።

ሙከሚል መንገድ ላይ ያለችውን የደገኛዋን የአረቅጥን ብርድ አቋርጦ ከተፍ አለ።

«ጂን የለም፣» አለ። «እያንዳንዱ ዕቃ ድራይቨር የሚባል ጠባቂ ፕሮግራም አለው። ኮምፒውተሩ ሊተኛ ሲል ጠባቂዎቹን ሁሉ ‹ዕቃችሁን ዝም አሰኙ፣ ማንም እንዳይጠራኝ› ይላቸዋል። የመቀስቀስ ፈቃድ ያለው ዕቃ ከጠራው ግን ይነቃል።»

ማን እንደቀሰቀሰው ኮምፒውተሩን ጠየቀው። ማውሱ ሆኖ ተገኘ።

«ይሄ ጎረቤታችሁ ያለው ወፍጮ ቤት ነው! ጠረጴዛው ሲንቀጠቀጥ ማውሱም ይነቃነቃል፣» ብሎ የማውሱን ፈቃድ ነጠቀው።

ሀጂ ሸረፋ ከበርበሬያቸው ቀና አሉ። «እሺ፣ አሁን ሊቀሰቅሰው የሚችል ምን ቀረ?»

«ኪቦርዱ አለ፣ ሀጂ።»

«እህ፣» አሉና ሳሉ።

ነዒማ እስከ በር ሸኘችው። የልቡን ሊነግራት አፉን ከፈተ። «አንቲቫይረሱን አድሺው» አላትና እግሬ አውጪኝ አለ።

ሳምንት ሳይሞላ ስልኩ ጮኸ። ኮምፒውተሩ ደግሞ ነቅቷል። ሙከሚል መጥቶ ሲያይ የቀሰቀሰው ኪቦርዱ ነው።

«አይጥ ሄዳበት ይሆናል፣» አለ። ሳይጨርስ ቢተወው መመለሻ ሰበብ ያገኝ ነበር፤ ግን የሚበላው የሃላል እንጀራ ነውና እያዘነ የኪቦርዱንም ፈቃድ ነጠቀ።

«ከወልቂጤ ድረስ ከምናደክምህ፣ እዚሁ ቡታጅራም ባለሙያ አይጠፋም ነበር፣» አለች ነዒማ አንገቷን ደፍታ።

«የጀመረው ይጨርሰው!» አሉ ሀጂ ኮስተር ብለው። «አሁንስ ምን ቀረ?»

«ማብሪያው ቁልፍ ብቻ፣ ሀጂ። እሱን ደግሞ ሰው በጣቱ ካልተጫነው በቀር ወፍጮም አይጥም አይነካውም። ከዛሬ ጀምሮ ይተኛል።»

አልተኛም። ነዒማ በማግስቱ ደወለች።

በዚህኛው ጉዞ ሙከሚል አረቅጥ ላይ ብርድ የሚባል ነገር አልተሰማውም። ሚኒባሱ ውስጥ ብቻውን ይስቃል። ማብሪያው በሰው ጣት ነው የሚነካው! ከነዒማ ሌላ የማን ጣት ሊሆን ነው? «እየጠራችኝ ነው ለካ፣ እኔ ደንቆሮ!» አለ። አጠገቡ የተቀመጡት ሴትዮ ወደ መስኮቱ ሸሸት አሉ።

እንደደረሰ አየው። እውነትም ማብሪያው ነው። ምላሱ ያን ቀን ተፈታ።

«ነዒማ፣ የምትቀሰቅሺው አንቺ ነሽ አይደል? እኔ እንድመጣ ብለሽ?»

ነዒማ ፊቷ ቲማቲም መሰለ።

«እኔ? ወላሂ አልነካሁትም! እኔማ አንተ ነህ ብዬ... ለመመለስ ስትል ሆን ብለህ የምታበላሸው መስሎኝ፣ ደስ ብሎኝ...» አለችና ያመለጣት ሲገባት አፏን በሻሿ ሸፈነች።

እሷ አይደለችም። እሱም አይደለም። ሙከሚል የተማረው ሁሉ ጠፋበት፤ ጸጉሩ ቆመ። «ቢስሚላህ!» አለና ከኮምፒውተሩ ራቅ አለ።

ሀጂ ሸረፋ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የመርካቶው ሰውዬ ሽማግሌዎች ዓርብ ይመጣሉ፤ ያንተዎቹ ሐሙስ ካልደረሱ፣ እኔ እንደሆነ ከእንግዲህ የምቀሰቅስበት ነገር አልቆብኛል!»