የታሰረው ፍራሽ

ጋሽ ይርጉ ስልኩን ሲያነሱ ገመዳ ሬንተን ከተማ ሊከራይ ያሰበው ቤት አከራይ ነበር፤ ስለ ገመዳ ሊያጣራ ነው የደወለው። ገመዳ ሳሎናቸው ውስጥ ስምንት ወር የተኛበትን ፍራሽ ጠቅልሎ፣ በገመድ አስሮ በሩ ሥር አቁሞታል። ሚስቱ ዓርብ ከሱዳን ትገባለች። አከራዩ ስለ ጸባዩ ሲጠይቃቸው «ጨዋ ልጅ ነው» አሉ። ኪራዩን በጊዜው ይከፍል ነበር ወይ ሲላቸው ግን ቅር አላቸው። ከእንግዳ ገንዘብ የሚቀበል ሰው መስለውት ነው? «ኖ፣ ኖ! አንድም ወር አልከፈለኝም!» አሉ፣ ደረታቸውን ነፋ አድርገው።

«ስምንት ወር ሙሉ?» አለ ሰውየው። ወረቀት ላይ ሲጽፍ ተሰማቸው። ነገሩ የገባቸው ያኔ ነው። «ቆይ፣ ሚስተር፣ እኔ እኮ ነኝ እምቢ ያልኩት...» ብለው ሳይጨርሱ፣ ቤቱን ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ ነገራቸው፤ እውነቱን ስላልደበቁትም አመስግኖ ዘጋ። መልሰው ቢደውሉ መስመሩ ተይዟል።

ገመዳ ጢሙን ተላጭቶ፣ ጆሮው ሥር ሳሙና እንደቀረ ከመታጠቢያ ቤት ወጣ። «ጋሼ፣ ሰውዬው ኮል አደረገ እንዴ? ምን አሉት?»

«ጨዋ ልጅ ነው አልኩት።» ዓይኑን ማየት አልቻሉም። ሄደው ፍራሹ ሥር ተንበረከኩና ገመዱን መፍታት ጀመሩ።

ገመዳ ገመዱን ሊያጠብቁለት መስሎት ሮጦ መጣ። «ኧረ ይተዉት ጋሼ» አለ እየሳቀ፣ «እስቲ አሁን እርስዎ ሊሸከሙልኝ ነው?»