አልምልም ያሉት ምስክር

«እጅዎን መጽሐፍ ቅዱሱ ላይ ያድርጉና ይማሉ፣ አባት።»

«አልምልም።»

ችሎቱ አጉረመረመ...

ወጣቷ ዳኛ ከመዝገቡ ቀና አለች። «ምን አሉኝ?»

«አልምልም፣ ክብርት ዳኛ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ከኋላ አግዳሚው ላይ የተቀመጠችው ወለላ አንገቷን አስግጋ አየች።

እኚህ ሽማግሌ አያ ውዱ ይባላሉ። የመጡት ለእሷ ሊመሰክሩ አይደለም። የጠራቸው የከሰሰችው ሰው፣ ወንዴ ነው።

ምስክሩ ብቻም አይደሉም... ወላጅ አባቱ ናቸው!

ነገሩ እንዲህ ነው።

ወለላ ከድብ ባሕር ወረድ ብሎ ባለ መንደር የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ባሏ ትቶላት ከሄደው ሁሉ የምትሳሳላት አንዲት ዳማ በቅሎ ነበረች። እህሏን ወፍጮ ቤት የምታደርስላት እሷ፣ እናቷ የታመመች ጊዜ ጤና ጣቢያ ያደረሰችላት እሷ...

ባለፈው ክረምት በቅሎዋ ከመስክ ጠፋች።

ወለላ ያልዞረችበት መንደር፣ ያልጠየቀችው ሰው የለም።

ከአምስት ወር በኋላ ገበያ ላይ አየቻት። ማዶ መንደር የሚኖረው ወንዴ ተቀምጦባት!

«በቅሎዬ ናት!» አለችው።

«ሂጂ ወዲያ! የገዛ ባዝራ ፈረሴ የወለደቻት ናት» አላት።

ሽማግሌ ብትልክ እምቢ አለ። ጉዳዩ ወረዳ ፍርድ ቤት ደረሰ።

የወንዴ ሁለት ጎረቤቶች ከአያ ውዱ ቀድመው ቀርበው ነበር። መጽሐፉን ጭብጥ አድርገው ይዘው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ማሉ... ከዚያ «ባዝራው ስትወልዳት በዓይናችን አይተናል» ብለው ቁጭ አሉ።

ወለላ ያላት ምስክር እህቷ ብቻ ናት።

አሁን ደግሞ አባትየው... ለልጁ የማያዳላ አባት የት ይገኛል?

ዳኛዋ ድምጿን ጠንከር አደረገች።

«አባት፣ ይሄ ፍርድ ቤት ነው። ሥርዓቱን አለማክበር ያስቀጣል። ሊታሰሩም ይችላሉ።»

አያ ውዱ ኩታቸውን አስተካከሉ።

«መንግሥት ጠራኝ፣ በእግሬ መጣሁ። ዱላህን በር ላይ ተው አሉኝ፣ ተውኩ። ቁም ስትሉኝ ቆምኩ። መንግሥትን ማክበር ግዴታዬ ነው። የፈጣሪን ስም ጠርቶ መማል ግን... እሱን ተዉኝ። ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው፣ አንድ ቀን ምዬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴም ቃል ገብቻለሁ። በዚህ የምታስሩኝ ከሆነ እታሰራለሁ፤ አላማርርም።»

«መማል የፈራ ሊዋሽ ነው» አለ አንዱ በሹክሹክታ።

ወለላም በልቧ ያንኑ አሰበች። ዋሽተው እንዳይቀሠፉ ነው የፈሩት... አለቀልኝ!

ወንዴ ግን ፈገግ ብሎ ተደላድሎ ተቀመጠ።

ዳኛዋ ሽማግሌውን ለረጅም ጊዜ አየቻቸው።

«እሺ፣ ይሁን። ሳይምሉ እውነቱን እንደሚናገሩ ቃልዎን ይስጡ። ቢዋሹ ግን እንደማለ ሰው ነው የሚቀጡት።»

«ይኼ ሸጋ ነው። እውነቱን እናገራለሁ።»

«በቅሎዋ የማን ናት?»

አያ ውዱ ወደ ልጃቸው ዞሩ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ...

«የልጄ አይደለችም።»

«አባዬ!» ወንዴ ብድግ አለ።

«ቁጭ በል!» አለችው ዳኛዋ።

«ነሐሴ ላይ ዝናብ እየደበደባት ብቻዋን ግቢያችን መጣች። በሩን የከፈትኩላት እኔ ነኝ። 'የሰው ከብት ናት፣ ባለቤቷን አፈላልግ' ብዬው አዘዞ ሴት ልጄ ዘንድ ሄጄ እዚያው ከረምኩ። ስደውልለት 'ባለቤቷ መጥቶ ወሰዳት' አለኝ፤ አመንኩት። እንደዋሸኝ ያወቅሁት የእናንተ መጥሪያ ሲደርሰኝ ነው። ባዝራችን እንደሆነች በዕድሜዋ በቅሎ ወልዳ አታውቅም...»

ዓይናቸውን በኩታቸው ጫፍ ጠረጉና ጨመሩ።

«ልጄ ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ዓይኑ ጎምጅቶ ነው። ባለቤቷን ራሴ ሳልፈልግ መሄዴ ደግሞ የኔ ጥፋት ነው።»

ከማሉት ሁለት ምስክሮች አንዱ ላቡን መጥረግ ጀመረ። ሌላው እጁን አወጣና «እኔ እንኳ... ሳልሳሳት አልቀረሁም» አለ።

በሳምንቱ ለወለላ ተፈረደላት። በቅሎዋን ስታገኛት አንገቷን አቅፋ አለቀሰች።

ወንዴ ግን አባቱን በመሰከሩበት ዕለት ፍርድ ቤቱ ደጅ ላይ ጠብቆ ያዛቸው።

«ምነው አባዬ? ምነው ጨከንክብኝ? ልጅህ አይደለሁም?»

«ልጄ ባትሆን እንዲህ ያመኝ ነበር? የሰው በቅሎ እየጋለብህ ልጆችህን 'አትስረቁ' ልትላቸው ነው?»

ወንዴ ጥሏቸው ሄደ...

ሦስት ወር አኮረፈ። አያ ውዱ ግን በየጠዋቱ በልጃቸው ደጅ ሲያልፉ «እንዴት አደራችሁ?» ማለታቸውን አልተዉም።

ግንቦት ላይ፣ አንድ ቀን ጠዋት ወለላ ከማሳዋ የጅራፍ ድምፅ ሰማች። ወጥታ ብታይ ወንዴ ነው... በሬዎቹን ጠምዶ የእሷን መሬት ያርሳል! አያ ውዱ ድንበሩ ላይ ተቀምጠው በደስታ ያዩታል።

ወንዴ በሬዎቹን አቁሞ አንገቱን ደፋ።

«የሚያርስልሽ እንደሌለ ሰማሁ። በድዬሻለሁ... ይቅር በይኝ።»

«እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ» አለችው። እንባና ሳቅ ተቀላቀለባት።

ከዚያ ወደ ሽማግሌው ሄደች።

«አያ ውዱ፣ ያን ቀን አልምልም ሲሉ እኮ ሊዋሹብኝ መስሎኝ ነበር።»

አያ ውዱ ሳቁ። «ኧረ አንቺ ልጅ! እውነት ዋስ ምን ያደርግላታል?»

ወዳጆቼ... አያ ውዱ ሕግን አልናቁም፣ እምነታቸውንም አልሸጡም። ለመንግሥት የሚገባውን አክብሮት ሰጡ፣ ለፈጣሪ የገቡትን ቃል ጠበቁ። ቅጣት ቢመጣም ሊቀበሉት ቆመው ነበር። እምነት የሚለካው መጽሐፉን በያዘው እጅ ሳይሆን፣ እውነቱ የገዛ ልጅን ሲነካ በሚናገረው አፍ ነው።

እስኪ ከልባችሁ መልሱልኝ... እናንተ በአያ ውዱ ቦታ ብትሆኑ በገዛ ልጃችሁ ላይ ትመሰክሩ ነበር? ወይስ ዝም ትሉ ነበር?