ለእነ ምንተስኖት አስር ሰጠሁ

እነ ምንተስኖት ክፍል ውስጥ ስለ አረጋውያን ብቸኝነት አቀረቡ። ማቅረብ ከተባለ! ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን እየተንተባተቡ አነበቡልን። መፍትሔ ያሉትም የሰፈሩን አረጋውያን ሰብስቦ ከከተማ ውጭ አንድ ቦታ ማኖር ነበር።

ክፍሉ በሙሉ አስር የሰጠው መፍትሔ በዚያው ቀን በሰፈሩ እንደሚተገበር ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል።

«ዜሮም ይበዛባቸዋል» አልኳት አጠገቤ ለተቀመጠችው ለፌቨን።

«ተይ እንጂ፣ ነገ እኛም እናቀርባለን። አስር ካልሰጠናቸው አይሰጡንም።»

ደግሞ ከማን ጋር ልጣላ? ፊቴን አጨማድጄ አስር ሞላሁ።

ቤት ስገባ፣ እማዬ ጥርስ ለሌላቸው ለአያቴ ያለሰለሰችው ፍትፍት ሳይነካ ደርቋል።

«አባባስ?»

«መኪና መጥቶ ወሰዳቸው። ክፍላችሁ አንድም ሰው ሳይቃወም አጽድቆታል አሉኝ» አለች እማዬ። ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ። «ለመሆኑ እንዴት አድርገው ቢያቀርቡት ነው?»