ርካሹ ሞተር

በያጁ የሟች ታላቅ ወንድሙን ሞተር ሳይክል እንደ አዲስ ሊሠራው ተነስቷል። አካሉን በየደ፣ ጎማ ገዛ፤ የቀረው ሞተሩ ብቻ ነው። በአሮጌ ዕቃ ሻጩ ሱቅ ውስጥ ግን የደህና ደህናዎቹ ዋጋ የሚቀመስ አልሆነም። በመጨረሻ ጥግ ላይ የተጣለ፣ ዝገት የበላው ሞተር አየ።

"ጋሼ፣ ይሄስ?"

"እሱና እኔ እኩል ነው የዛግነው" ብለው ሳቁ ሽማግሌው። "በብረት ዋጋ ውሰደው።" መያዣ ጆንያ ፍለጋ ወደ ጓዳ ገቡ።

አሮጌ ሞተር የሚገዛ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው፣ በያጁ ካንዴላውን ነቅሎ ቀዳዳውን በአውራ ጣቱ ደፈነና የማስነሻ መርገጫውን ረገጠ። ፒስተኑ ጤነኛ ከሆነ አየሩ ጣትን ይገፋል። ገፋው፤ ያውም በኃይል።

"እሰይ! ይሄማ ገና አልሞተም!"

እግሩን ከመርገጫው አነሳ። አየሩ ግን አላቆመም። ጣቱን ይገፋል፣ መልሶ ይስባል፤ ቀስ ብሎ፣ እንደተኛ ሰው።

"ጋሼ፣ ፒስተኑን ቀይረውታል እንዴ?"

"የምን ፒስተን?" አሉ ከጓዳ። "አውጥቼ ሸጬዋለሁ እኮ! ቀፎ ነው ልጄ፤ ለዚያ አይደል የረከሰልህ?"

ከቀዳዳው የሚመጣው ትንፋሽ ቀጥ አለ። በያጁ ነገሩን ሊያረጋግጥ ትንሿን ጣቱን በቀዳዳው ሰደደ። ዳሰሰ። እውነትም ባዶ ነው።

ሊያወጣት ሲል ከውስጥ አንድ ነገር ጣቱን ጠቅልሎ ያዛት፤ ታላቅ ወንድሙ በልጅነታቸው አስፋልት ሲያሻግረው ይይዛት እንደነበረው፣ አጥብቆ።